የቂጥኝ ራፒዱ ፖዘቲቭ፣ አርፒአሩ ሁሉም ነጌቲቭ! ነገ ጠዋት ውጤት ይጠበቃል

ሰብለ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን የቂጥኝ ጥናት እየሠራን ነው። በራፒድ (ፈጣን የደም ምርመራ) 11 ፖዘቲቭ ወጣ። በአርፒአር (ካርድ ላይ በሚሠራው ሌላ የቂጥኝ ምርመራ) ስደግመው 11ዱም ነጌቲቭ። የተበላሸው የትኛው ነው? ሴቶቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ፣ እባካችሁ ቶሎ!

ገመቹ፦ አንቲጅኑን (በአርፒአር የሚጨመረውን መመርመሪያ ፈሳሽ) ቀይሪው።

ዶክተር አ.፦ እህቴ፣ አንዱ የግድ ተበላሽቷል ብለሽ ለምን ጀመርሽ? ራፒዱ የሚያየው ለባክቴሪያው የተሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላም በአብዛኛው ዕድሜ ልኩን ፖዘቲቭ ይላል። አርፒአር ግን ከሕክምና በኋላ ይወርዳል። ራፒድ ፖዘቲቭ፣ አርፒአር ነጌቲቭ ከሆነ ሴትየዋ ድሮ ታክማለች፣ ወይም በሽታው ገና ጀማሪ አለዚያም በጣም የቆየ ነው፣ ወይም ራፒዱ ተሳስቷል። መጠይቁ ላይ «ለቂጥኝ መርፌ ተወግተሽ ታውቂያለሽ? መቼ?» የሚል አለ?

ሰብለ፦ ዶክተር፣ እሱ ጥያቄ የለም። «አባላዘር በሽታ ይዞሽ ያውቃል?» ብቻ ነው ያለው።

ዶክተር አ.፦ እንግዲያው ነገ ሲመጡ ለየብቻ ጠይቁ፣ በስም ሳይሆን በኮድ። ያለዚያ መረጃ 11ዱን መተርጎም አይቻልም።

ናሙና፦ ሌላም ነገር አለ። ሴቶቹን ያገኛችሁት ከመጠጥ ቤትና ከሆቴል ብቻ ከሆነ በስልክ የሚሠሩት ጭራሽ አልተቆጠሩም። በኩፖን፣ አንዷ ሌላዋን እየጠራች ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዷ ከ3 ኩፖን በላይ አትስጡ። ይህን ሥራ የሚሠሩ ስንት ሴቶች እንደምታውቅ መጠየቅም ግድ ነው፤ ብዙ የምታውቅ ሴት የመጠራት ዕድሏ ስለሚበዛ፣ ያ ቁጥር ከሌለ ክብደት ማስላት (የእያንዳንዷን መልስ በዚያ ዕድል ልክ ማመጣጠን) አይቻልም። 11ዱ ከአንድ ሰንሰለት መጥተው እንደሆነም የኩፖን ቁጥራቸውን እዩ። አንድ ላይ የሚኖሩ፣ አንድ ክሊኒክ የታከሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ገመቹ፦ አንቲጅኑ ነው እያልኩ ነው። አዲስ ክፈቺ።

የላብ ሰው፦ ዶክተሩ ያሉት ልክ ነው፤ ግን 11 ለ11 ሲሆን መጀመሪያ የላቡ አሠራር ይፈተሽ። ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና) ሠርተሻል?

ሰብለ፦ ኮንትሮሉ አልቋል። አንቲጅኑን ከፍሪጅ አውጥቼ ወዲያው ነው የተጠቀምኩት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ። መብራትም አንዴ ጠፍቶ መጣ።

የላብ ሰው፦ በይ፣ እሱ ነው! አርፒአር የሚሠራው ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ቀዝቃዛ አንቲጅንና ቀዝቃዛ ክፍል ውጤቱን ያደክማሉ። አዳማ እኩለ ቀን ላይ ሞቃት ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ላቡ 23 ላይደርስ ይችላል፣ ቴርሞሜትር እይ። አንቲጅኑም ሴረሙም (ከደሙ የተለየው ፈሳሽ) የክፍሉን ሙቀት ይያዙ። ጠርሙሱን ቀስ ብለሽ ነቅንቂው። 50 ማይክሮ ሊትር ሴረም የካርዱን ክብ ሙሉ አዳርሺው። የአንቲጅኑን መርፌ ቀጥ አድርገሽ አንድ ጠብታ ብቻ ጣይ፣ አትቀላቅዪው። በ20 ጌጅ መርፌ ግማሽ ሚሊ ሊትር ከ29 እስከ 31 ጠብታ ካልሰጠ መርፌው ይቀየር፣ የአንቲጅኑ ምጥን ይዛባልና። ሮቴተሩ (ካርዱን የሚያዞረው ማሽን) በደቂቃ 100 ዙር፣ ለ8 ደቂቃ፣ እርጥብ ስፖንጅ ባለው ክዳን ተሸፍኖ። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ካርዱን ጥለሽ ከመጀመሪያው ነው።

ጫልቱ፦ ሰዓቱ ሳይሞላ የወረደ ሽሮ አይበላም፣ 8 ደቂቃ ያልዞረ ካርድም አይነበብም 😀 አንቲጅኑ በረዶ ነክቶት ከሆነ ግን ሙቀት አያድነውም፣ ይጣል። ኮንትሮሉን ዛሬውኑ ከሌላ ላብ ተዋሺ፤ ያለሱ «ነጌቲቭ» ብለሽ መጻፍ አትችዪም።

የላብ ሰው፦ ተደግሞም ነጌቲቭ የሚልና ሴትየዋ ሽፍታ ወይም ቁስል ያላት ከሆነ ሴረሙን በሳላይን (በጨው ውሃ) እስከ 1 ለ16 አቅጥነሽ ድገሚ። ፀረ እንግዳ አካሉ ሲበዛ መጓጎሉን (የአርፒአር ፖዘቲቭ ምልክቱን) ይከለክላል።

ሲስተር፦ እናንተ ስለ ካርዱ ስታወሩ ሴቶቹ ነገ መጥተው ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ። ታክማ የማታውቅ፣ ተመልሳ መምጣቷም የሚያጠራጥር ከሆነ አርፒአር ሳይጠበቅ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በጡንቻ፣ 1.2 በእያንዳንዱ መቀመጫ። መቼ እንደያዛት ካልታወቀ በየሳምንቱ፣ 3 ጊዜ። አለርጂ ጠይቁ፣ አድሬናሊን አጠገባችሁ ይኑር፣ 30 ደቂቃ ትቆይ። እርጉዝ ካለች ደግሞ ለነገ አይባልም።

ሰብለ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ኮንትሮል የሚያውሰን አገኘሁ፣ ከሰዓት እደግመዋለሁ።

የላብ ሰው፦ ሴረሙ ስንት ቀኑ ነው? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ 5 ቀን ነው የሚቆየው፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ በ20 ከዜሮ በታች መቀመጥ ነበረበት። የተቀዳበትን ቀን ጻፊልን።

ገመቹ፦ እሺ፣ ምን ወጣ?