ፔስን የሠራው ኮናሚ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ድሬዎች፣ ሰላም ነው? እዚህ ከዚራ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደግንበትን የኳስ ጌም ፔስን የሠራው የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ ሲጀምርም ጌም ነበር የሚሠራው?

መልስ 1፦ አይደለም አቦ! እ.ኤ.አ. በ1969 ካጌማሳ ኮዙኪ ኦሳካ ውስጥ ሲጀምረው ሥራው ሳንቲም እየበሉ ዘፈን የሚያጫውቱ ማሽኖችን ማከራየትና መጠገን ነበር። ወደ ጌም የገባው በ1970ዎቹ ነው።

መልስ 2፦ ልጨምርልህ። የኮናሚን የኳስ ጌም የሚሠሩት ሁለት ቡድኖች ነበሩ፤ የኦሳካው ለሱፐር ኒንቴንዶ ማሽን በሠራው ሲታወቅ፣ በ1995 ዊኒንግ ኢለቨንን ለፕሌይስቴሽን ያወጣው የቶኪዮው ነው፣ የኛም ፔስ የመጣው ከዚያው መስመር ነው። ፔስ 6ን የሚያክል ቅብብል ግን እስካሁን አላየሁም።

መልስ 3፦ በ2021 የፔስን ስም ኢፉትቦል ብለው ነፃ አደረጉት። ሲወጣ በጣም ተበላሽቶ ስለነበር ተጫዋቹ ክፉኛ ተቆጣ። አሁን ተሻሽሏል፣ ስልክ ላይ ሞክረው።