አስቸኳይ፦ የበርገሩ ስጋ መጥበሻ ላይ እየተፈረካከሰ ነው፣ ምን ላድርግ?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)፦ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ በርገር ቤት፣ ያንን እቤት ወስደው የሚሠሩትን የበርገር ፓኬጅ አስመጥቼ ነበር። ስጋው፣ ዳቦው፣ ቺዙ፣ ሶሱ ሁሉም ለየብቻ ታሽጎ ነው የመጣው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጣድኳቸው፤ ውሃ አወጡ፣ ተጣበቁ፣ ላገላብጥ ስል ብትንትናቸው ወጣ። መመሪያው ወረቀት ርሶ ፊደሉ አይነበብም። እንግዶቼ 12 ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ዛሬ ቅበላ ነው፣ ነገ እሠራዋለሁ አልል! ስጋውን ውሃ አጠጥተው ነው መሰለኝ የሸጡልኝ።

ባለ ጋቢው፦ ለቅበላ በርገር? የመንዝ በግ አልቆ ነው?

የጣርማበር ሹፌር፦ በምንድነው የምትጠብሺው? መብራት አለ? በረዶው ለቋል ወይስ አለቀቀም? ይሄን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስልሽ።

እናት ሆድ፦ እንቁላል ምቺበት፣ የዳቦ ፍርፋሪ ጨምሪበት፣ በደንብ እሺው። ይያያዛል።

የጠባሴዋ፦ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ በከሰል ነው። መጥበሻው ያ አያጣብቅም የሚባለው ነው (አጣብቋል)። ስጋው እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር ከነላስቲኩ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትቼው ነበር። አሁን አራት ድብልብል ስጋ ቀርቶኛል።

ነጭ ጋዋን፦ እህቴ፣ ከመጥበሻው በፊት ስለ ስጋው እንነጋገር። መንገድ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የቆየው? የተፈጨ ስጋ እንደ ሙዳ ስጋ አይደለም። ሙዳ ላይ ያለው ጀርም በአብዛኛው ላዩ ላይ ስለሆነ እሳት ሲነካው ይሞታል፤ ሲፈጭ ግን የላዩ ከመሃሉ ይቀላቀላል። ለዚህ ነው የተፈጨ የከብት ስጋ መሃሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል የሚባለው። አሜሪካ ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ. በደንብ ባልበሰለ በርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰው ታሞ 4 ሕፃናት ሞተዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቅለጥም አይመከርም፤ መሃሉ በረዶ ሆኖ ሳለ ላዩ ይሞቅና ጀርም የሚራባበት ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ አውርዶ ማሳደር፣ ካልሆነም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርጎ ውሃውን በየግማሽ ሰዓቱ መቀየር ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ጥበሺው፣ ፍሪጅ መልሰሽ እንዳታስቀምጪው።

ባለ ጋቢው፦ ጥሬ ክትፎ ለምንበላ ሰዎች ይሄን ትነግረናለህ?

ነጭ ጋዋን፦ ክትፎው ከሙዳ ስጋ ተከትክቶ ወዲያው ይበላል፤ እሱም ቢሆን ኮሶ ያመጣል። ይሄኛው ተፈጭቶ፣ ታሽጎ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ነው።

የጠባሴዋ፦ ሲደርስ መሃሉ በረዶ ነበር፣ ፍሪዘር ውስጥ ነው ያደረው። ሽታም የለውም። መጥበሻው! ስለ መጥበሻው ንገሩኝ!

ባለ ጋቢው፦ የከፍታው ነገር ነው እኮ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ምን ይበስላል? ባቄላው እንኳን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጥብስ ቤት የነበርኩ፦ ባቄላው ሌላ፣ ጥብሱ ሌላ። እናንተ ጋ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የሚቀቀል ነገር ይዘገያል። ደረቅ ብረት ግን ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት እኩል ይግላል። የጠባሴዋ ችግር ሌላ ነው፤ መጥበሻዋ ላይ ውሃ ተኝቷል። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያች 90 ዲግሪ አያልፍም፣ ስጋውም ሳይጠበስ እየተቀቀለ ነው። የተቀቀለ የተፈጨ ስጋ ቅርፊት ስለማይሠራ ሲነኩት ይፈርሳል።

ደግሞ ሰዎቹ ውሃ አላጠጡትም፣ አትማቸው። ስጋ በረዶ ሲሆን ውስጡ ያለው ውሃ እየሾለ ይጠነክርና የስጋውን ህዋሳት ይበጣጥሳል፤ ሲቀልጥ ያ ሁሉ ይፈስሳል። ቀዩ ፈሳሽም ደም አይደለም፣ የስጋው ውሃ ነው።

የሸኖዋ፦ እንቁላል ጨምሪበት የኔ እህት፣ ትንሽም የዳቦ ዱቄት። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

እናት ሆድ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ጥብስ ቤት የነበርኩ፦ እሱ ኮተሌት ይሆናል። ጥሩ ኮተሌት! እሷ ግን ብሯን ያወጣችው ለበርገር ነው። ደግሞ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል፣ ጨው ገብቶበት ከታሸማ እንደ ቋሊማ ይሆናል።

ባለ ጋቢው፦ ቋሊማም ለቅበላ አይከፋም።

የጣርማበር ሹፌር፦ ቡና የምትቆዪበት ብረት ምጣድ የለሽም? መጥበሻውን ተይው።

ጥብስ ቤት የነበርኩ፦ አፌን ቀደመኝ! ብረት ምጣዱን አምጪ። የቡናውን ሽታ እጠቢና በደንብ አድርቂው። ከሰሉን ቀይ እስኪሆን አራግቢ፣ ምጣዱን ባዶውን ጣጂና የጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጊበት ዘልሎ እስኪጠፋ ጠብቂ። (የማያጣብቀውን መጥበሻ ግን እንዲህ ባዶውን አታግዪው፤ ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጥፎ ጭስ ያወጣል።) እሱ እስኪግል ስጋውን በሶፍት ወይም በንጹሕ ጨርቅ እየጫንሽ ውሃውን አስወጪ። አትሺው፣ ድብልብሉን እንዳለ ተይው። ዘይት ጠብ አድርጊና አንዱን ጣጂ፤ ወዲያው በሰፊ ማንኪያ ወይም በድስት ቂጥ ተጭነሽ አሳሺው። ከዚያ በኋላ ደግመሽ አትጫኚው፣ ጮማው ፈስሶ ያልቃል። ጨው ከላዩ አሁን ነስንሺበት። ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን እንዳትነኪው! ቅርፊት ሲሠራ ራሱ ይለቃል፤ ካልለቀቀ አልደረሰም ማለት ነው። ስታገላብጪ ቺዙን ጫኚበት። ሁለት ሁለት ብቻ፤ አራቱንም ካደረግሽ ብረቱ ቀዝቅዞ እንደገና ውሃ ያወጣል። ስስ ከሆነ መሃሉም በደንብ ይበስላል፣ ነጭ ጋዋንም ይተኛል።

ነጭ ጋዋን፦ ቀለሙ ብቻ ግን መብሰሉን አያሳይም። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እሳቱ ላይ ጨመር አድርገሽ አቆዪው። ከሰሉንም በር ዘግተሽ ቤት ውስጥ እንዳታነጂ፤ ብርድ ነው ብለው ዘግተው ስንቱ አልቋል።

የጠባሴዋ፦ በረንዳ ላይ ነኝ፣ እጄ ደንዝዟል። የተበታተኑትን ሁለቱንስ ምን ላድርጋቸው? ልጣላቸው?

የሸኖዋ፦ ስጋ በቅበላ ይጣላል? ቀይ ሽንኩርት ቀጭን አድርገሽ ከትፈሽ አብረሽ ጥበሺው፣ ቃሪያ ጨምሪ፣ ቺዝ አቅልጪበት፣ ዳቦው ውስጥ ጠቅጥቂው። ዳቦውንም ሳትረሺ፣ የተቆረጠውን ፊቱን ቅቤ ቀብተሽ ምጣዱ ላይ ድፊው፤ አለዚያ ሶሱ ያረጥበዋል።

እናት ሆድ፦ ለጋ ቅቤ ነው ንጥር?

የሸኖዋ፦ ለጋው ቶሎ ያርራል፣ ንጥሩ እሳት ይችላል። ግን ኮረሪማና በሶብላ ያለው ከሆነ በርገሩ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል።

ባለ ጋቢው፦ እሱማ ይሻለዋል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ፓኬጁ ስንት ነው የገባው? ፊቼ ድረስ ይልካሉ?

የጣርማበር ሹፌር፦ ለፊቼው፣ ከመላኩ በፊት ምግቡ በምን እንደሚታሸግ ጠይቅ። ባዶ ፌስታል ከሆነ ተወው። እኔ ሳመጣ በረዶ ያለበት ፎም ሳጥን ካልሆነ አልጭንም፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብለው የሚያታልሉ አሉ፣ መኪናው ውስጥ ግን ከሞተር አጠገብ ሌላ አገር ነው።

የጠባሴዋ፦ ብረት ምጣዱ እየጋለ ነው። ውሃ ጣል አደረግኩበት፣ ዘለለ። ልጣደው ነው

ጥብስ ቤት የነበርኩ፦ አትንኪው እንግዲህ!

ባለ ጋቢው፦ የጠባሴዋ? በላችሁ? ፎቶ የለም?

እናት ሆድ፦ እንግዳ ላይ ናት፣ ተዋት። እኔ የምጠይቀው፣ ሶሱ ከተረፋት በጾሙ ለድንች ይሆናታል?

የሸኖዋ፦ ማዮኔዝ ያለበት ከሆነ እንቁላል ነው፣ ለጾም አይሆንም። ካቻፑና ሰናፍጩ ይቀመጥላት።

ባለ ጋቢው፦ ማዮኔዙን ለፋሲካ ታቆየው፣ 55 ቀን ብቻ ነው።

ነጭ ጋዋን፦ ኧረ በፍጹም! ከተከፈተማ ዛሬውኑ ይለቅ።