የአያቴን የሠርግ ቀሚስ ልልበሰው ነው፤ ቀለሙንና ጌጡን ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የጥር ሙሽራ

ሰላም ለሁላችሁ። ሠርጌ ከጥምቀት በኋላ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በተክሊል፣ ከሰዓት አዳራሽ፣ በማግስቱ መልስ። እንደ ሰው ሁሉ ቬሎ ተከራይቼ ልገላገል ነበር ሐሳቤ። በቀደም እናቴ የአያቴን ሳጥን ስትከፍት ግን የሠርግ ቀሚሷ ወጣ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በ1957 ዓ.ም. የተዳረችበት ነው። የእጅ ፈትል፣ ሰፊ፣ ደረቱ ላይ የመስቀል ጥልፍ ያለው፣ ጥልፉም እስከ ታች የሚወርድ። እሱን ካየሁ በኋላ ቬሎው አስጠላኝ።

አሁን ጣጣው መጣ። ነጩ ቢጫ ሆኗል። ጥልፉ ደብዝዞ ቡኒ መስሏል፤ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም፣ ያለን ፎቶም ጥቁርና ነጭ ነው። እኔ ከአያቴ ረዘም እላለሁ፣ ትከሻዬም ሰፋ ይላል። አብሮት የብር ድሪና ጠልሰም አለ፣ ጠቁሯል። እናቴ ደግሞ «ወርቅ ካላደረግሽ ሰው ምን ይላል?» ትለኛለች። ለአራት ሚዜዎቼስ ምን ቀለም ላልብስ? ነገሩ ሁሉ የድሮ መንፈስ ያለው፣ ቪንቴጅ የሚሉት ዓይነት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ግን ከቱሪስት ሆቴል መድረክ የወረደች ተወዛዋዥ እንዳልመስል ፈርቻለሁ። እጮኛዬን ሳማክረው «አንቺ የወደድሽው» ብሎ ተገላገለ።

መቀስና መርፌ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ሽሮ ሜዳ ስፌት ላይ ነው የምውለው። ከሁሉ በፊት መቀስ የያዘ ሰው አታስጠጊበት፣ እኔንም ጨምሮ።

ቀለሙን ለማወቅ ፎቶ አያስፈልግሽም። የቀሚሱን የታች እጥፋት ገልጠሽ ከውስጥ እዪው። ጥልፉንም ገልብጠሽ በጀርባው በኩል እዪ። ብርሃን ያልነካው ክር የቀድሞ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ስታዪ በመስኮት ብርሃን ይሁን፤ አምፖል ያታልላል።

ልኩ ብዙም አያሳስብሽ። የዚያን ጊዜ ቀሚስ ሰፊ ተደርጎ ይሰፋና ቅርጹን የሚሰጠው መቀነቱ ነው። ስለዚህ «ወገቡን አጥብቡልኝ» እንዳትዪ፤ ያን ቀን ቪንቴጅነቱ አለቀ። ትከሻው ላይ ችግር ካለ ልብስ ሰፊው ብብቱ ሥር ያለውን መጋጠሚያ ፈትቶ ትንሽ ፈትል ይጨምርበታል። ክንድሽ ሲወርድ አይታይም፣ በኋላም ሊፈታ ይችላል። ቁመት ካጠረሽ ታቹ ላይ ጥለት ያለው ጨርቅ ይቀጠላል። ለሸማኔው ከውስጥ ያገኘሽውን ቀለም አሳዪው። ከደበዘዘው ጋር አስመስለህ ሥራ ካልሽው ግን ከሁለት ያጣ ይሆናል። ሆን ብሎ ደመቅ ያለ ጥለት፣ በልኩ ጠባብ፣ ያምራል።

ሌላው፣ ትዕዛዝሽን ቶሎ ስጪ። ጥር ላይ የሚያገባ ሁሉ ታኅሣሥ ላይ ነው የሚጎርፍብን። ያን ጊዜ ሸማኔውም ሰፊውም እሺ ይልሻል፣ ሥራው ግን ጥድፊያ ነው።

የጥር ሙሽራ

ገለጥኩት! ወይን ጠጅ ነው! ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ በመሐሉ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ክር። እናቴ አላመነችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቡኒ ነው የምታውቀው። ምሽቱን ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠን ስናገላብጥ አመሸን።

ግን አሁን እጥበቱ አስፈራኝ። ያ ሁሉ ቀለም ነጩ ላይ ቢሄድስ?

በቀዝቃዛ ውሃ

መፍራትሽ ልክ ነው። መጀመሪያ ፈትሺው። ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውሃ አርጥቢ፣ ከውስጥ በኩል በማይታይ ቦታ ጥልፉ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተጭነሽ ያዢ። ለወይን ጠጁም ለአረንጓዴውም ለየብቻ። በንጹሕ ውሃ ቀለም ካልለቀቀ በሳሙና ውሃ ድገሚው። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ እቤት አይታጠብም፤ ጥልፍ የሚያውቅ ላውንደሪ ፈልጊ፣ ወይም እንዳለ ተዪው።

ካልለቀቀ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና አድርገሽ ንከሪው። ማሸት፣ መጠምዘዝ የለም። ውሃውን እየደፋሽ ቀይሪ፤ የመጀመሪያው ውሃ ሻይ መስሎ ይወጣል፣ እሱ ነው ቢጫው። የእጅ ፈትል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በትከሻው ይዘሽ ብታነሺው በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል። ከሥሩ አንሶላ አንጥፊና በአንሶላው አንሺው። ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጥላ ሥር አድርቂ።

በረኪና አይታሰብም። ጥጡን ይበላዋል፣ ጥልፉንም ያጠፋዋል። «ኮምጣጤና ጨው ቀለም ያስይዛል» የሚሉሽንም አትስሚ። ጥጥ ላይ ያረፈ ቀለም በዚያ አይያዝም።

ሌንስና ብርሃን

ሠርግ አነሳለሁ፤ ስለ ነጩ አንድ ነገር ልበል። እጥበቱ ቢጫውን ሁሉ ባያወጣው ደስ ይበልሽ። ክሬም ቀለም ቆዳችን ላይ ከደማቅ ነጭ ይልቅ ያምራል፣ ካሜራም ጥልፉን በደንብ ያያል። ደማቅ ነጭ በፀሐይ ሲነሳ ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋል።

ክሬም የሚበላሸው አዲስ ነጭ አጠገቡ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ክሬም መሆኑ ቀርቶ ያልታጠበ ይመስላል። ስለዚህ አዲስ ነጠላ ስትገዢ ቀሚሱን ይዘሽ ሂጂ፣ ጎን ለጎን አድርገሽ ምረጪ። የሙሽራውም ሸሚዝ እንደዚያው። ሚዜዎችሽን ነጭ እንዳታለብሺ። ወይን ጠጁን ለአንቺ ትተሽ አረንጓዴውን ለእነሱ ስጪ፤ ያ የወይራ ቅጠል ያልሽው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጨርቅ ባይሆንም ችግር የለውም፣ ትንሽ ጠቆር ፈካ ቢል እንዲያውም የድሮ ፎቶ ይመስላል። አራቱም ከአንድ ጣቃ ተቆርጠው ሲቆሙ ዩኒፎርም ነው የሚሆነው።

ለዲኮር ሠሪዎቹም ንገሪያቸው። ያን ሰማያዊና ሐምራዊ የመድረክ መብራት ፊታችሁ ላይ ከለቀቁት ክሬሙ ግራጫ፣ ወይን ጠጁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቢጫ ብርሃን ይበቃል።

የሦስት ሴቶች እናት

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የእናትሽን ነገር ልንገርሽ፣ እኔም እናት ነኝና። ወርቅ አድርጊ የምትልሽ ሰው ባዶ አንገቷን ዳራት እንዳይል ነው። አትከራከሪያት፣ ቀን ስጫት። የሠርጉ ቀን የአያትሽ ብር፣ የመልሱ ቀን የእናትሽ ወርቅ። በመልስ ከፋይ ካባ ትደርቢያለሽ አይደል? ጥቁር ከፋይ በወርቅ ክር የተጠለፈ ላይ ወርቅ ያምርበታል፣ ብር ግን ይጠፋበታል። እንዲህ ብትያት እምቢ የምትል አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በተክሊል ስትጋቡ ካባና አክሊል ትለብሳላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ካባውን ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚያቀርበው። ስለዚህ ጠዋት ደረትሽ ላይ የደረደርሽው ሁሉ ይሸፈናል፤ ድሪሽን ለአዳራሹ አቆዪው። ጭንቅላትሽ ላይም ከፍ ያለ የፀጉር ሥራ ካለ አክሊሉ አይቀመጥልሽም። ከሳምንታት በፊት የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ስለ አለባበሱ እሳቸው የሚሉሽ ከእኛ ይበልጣል።

የጥር ሙሽራ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወርቁን መላ ዛሬውኑ ለእናቴ ነገርኳት። «ማነው እንዲህ የሚያውቅ?» አለች። ተስማምታለች!

አንጥረኛ ነኝ

ስለ ብሩ። የጥርስ ሳሙና እንዳትነኪ፣ ይቧጭረዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ጎላ ጎላ ያለው ብቻ ይብራ። ስርጉዱ ውስጥ ያለውን ጥቁረት ተዪው፤ ቅርጹ የሚታየው በእሱ ነው። ሙልጭ ተደርጎ የጸዳ የድሮ ብር ትናንት ከሱቅ የተገዛ ይመስላል። አንዳንዱ የድሮ ጌጥ ብር ሆኖ ወርቅ ቅብ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ቢጫ ካየሽ በጨርቅም አታሻሺው፣ ይነሳል።

ከጽዳቱ በላይ ግን ክሩ ነው ጉዳዩ። የድሪው ክር የአያትሽ ዘመን ከሆነ በስብሷል። እስክስታ መሐል ቢበጠስ እንክብሉን ከአዳራሹ ወለል ላይ ማን ይለቅማል? አዲስ ጥቁር ክር አስገቢበት። ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ አንሺው፤ አደራደሩ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ማርትሬዛ የሚባለው የድሮ የብር ሳንቲም የተንጠለጠለበት ከሆነ ደግሞ «1780» የሚለውን አይታችሁ የ1780 ነው ብላችሁ እንግዳ ፊት እንዳታወሩ። ሳንቲሙ ላይ ያለችው ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ድሮ የኛ አንጥረኞች እሱን እያቀለጡ ነው ብዙውን ጠልሰም የሠሩት።

ሙሽራ ነበርኩ

እኔ ግን ተቃውሞ አለኝ። ስድሳ ዓመት የሞላውን ልብስ ለብሰሽ ልትጨፍሪበት ነው? ላብ አለ፣ ወጥ አለ፣ ጠጅ አለ፣ ነጠላሽን የሚረግጥ ሰው አለ። አስገልብጪው! ዋናውን ለቤተ ክርስቲያንና ለፎቶ፣ ቅጂውን ለአዳራሽ።

መቀስና መርፌ

እህታችን ያለችው ያስኬዳል። እንዲያውም ቅጂው ላይ ነው ነፃነት ያለሽ። ጥልፉን ሳይደበዝዝ በፊት እንደነበረው፣ በዚያ ባገኘሽው ወይን ጠጅ ማስጠለፍ ትችያለሽ። ጨርቁ ግን ፈትል ይሁን። የፋብሪካው ጨርቅ ስስ ነው፣ የድሮውን አወራረድ አይሰጥሽም። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ልብሽ ይወቀው። ጥልፉ በእጅ ከሆነ ደግሞ ጊዜም ይፈልጋል። በማሽን የሚጠለፈው ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ጀርባውን ገልብጦ የሚያይ ዘመድ አይጠፋም።

የሜሪላንዷ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰላም። እዚህ የተጋባን ብዙዎቻችን ቬሎና የሐበሻ ልብስ እናፈራርቃለን። ቬሎው ጨርሶ ካልቀረልሽ የድሮ ፋሽን ያለው ፈልጊ። ክንድ ያለው፣ ዳንቴል፣ ከጉልበት ወረድ የሚል። ሳልባጅ ውስጥም አንዳንዴ ይገኛል። ቁጥሩን አትመኚ፤ የድሮ የፈረንጅ ልብስ በተመሳሳይ ቁጥር ከአሁኑ ይጠባል። በሜትር ለኪው። ብብቱን እዪ፣ ከዚያ በጨርቁ በኩል ወደ መስኮት አሻግረሽ ተመልከቺ፤ የሳሳ ቦታ ካለ ያሳብቃል።

ጫማ ማንም አላነሳም! ከሐበሻ ቀሚስ ሥር የሚያብረቀርቅ ቀጭን ተረከዝ ሲወጣ አይቼ እሳቀቃለሁ። አጭርና ወፍራም ተረከዝ፣ ክሬም ወይም ያ ወይን ጠጅ። የቀሚሱን ቁመት ከማስጨረስሽ በፊት ጫማውን ግዢ።

ወንድ ሆኜ ልናገር

ሙሽራው «አንቺ የወደድሽው» ብሎ መገላገሉ አይሠራም። እሷ የ1957 ቀሚስ ለብሳ እሱ ጥብቅ ያለ የሚያብለጨልጭ ሱፍ ከለበሰ ከሁለት ሠርግ የመጡ ይመስላሉ። ወይ እጀ ጠባብና ኩታ፣ ወይ ጠቆር ያለ ቀለል ያለ ሱፍ ከቀጭን ከረባት ጋር። ኩታው ጥለት ካለው የእሷን ወይን ጠጅ ይያዝ። ሌላ ምንም አይጨምር።

የጥር ሙሽራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከእናቴ ጋር እንዲህ ጨርሰናል። ጠዋት የአያቴ ቀሚስ፣ ያለ ጌጥ። ለአዳራሹ ቅጂው፣ ከብሩ ድሪና ጠልሰም ጋር። መልስ ላይ ካባና የእናቴ ወርቅ። ሚዜዎቼ አረንጓዴ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሰፋፍ። እጮኛዬ እጀ ጠባብ እሺ ብሏል፤ ቀጭን ከረባት ሲባል ግን «አባቴን እመስላለሁ» አለ።

አንድ ቀረኝ። ፀጉሬ ሹሩባ ይሁን?

የሦስት ሴቶች እናት

ሹሩባ ይሁን እንጂ ልጄ፣ አክሊሉም ይመችለታል። ግን በዋዜማው እንዳትሠሪ፤ ራስሽን ወጥሮሽ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳሻል። ሁለት ቀን ቀደም አድርጊ።

ሌንስና ብርሃን

ግንባርሽ ላይ የብር ጌጥ ካሰብሽ ለሠሪዋ ቀድመሽ ንገሪያት፣ መንገዱን እሱን አይታ ነው የምታወጣው። ፎቶ ስንነሳ ደግሞ የአያትሽን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘሽ ነዪ። አቋቋሟን እናየዋለን።