አምስቱን የፓን አፍሪካ ፓርላማ ተወካዮቻችንን ማን መረጣቸው?

ፎቶኮፒ ቤት (አራት ኪሎ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ፎቶኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ። ሐሙስ ዕለት አንዲት ተማሪ የዜግነት ትምህርት የቤት ሥራዋን ልታሳትም መጣች። ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ሞልቷል፤ ሦስተኛው ላይ «ኢትዮጵያ በፓን አፍሪካ ፓርላማ ያሏት ተወካዮች» ብላ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ደርድራ ፊት ለፊቱን ባዶ ትታዋለች። የአፍሪካ ኅብረትን ፓርላማ ማለቷ ነው። «ያገኘሁት ዝርዝር ሁሉ የድሮ ነው» አለችኝ። ቀጥላ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲመርጡ ለዚህም መርጠዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አጣሁ። በ2013ቱ ምርጫ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ነው የመረጥኩት። አንድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንድ ለከተማው ምክር ቤት፤ በቃ። ስለ አፍሪካ የጠየቀኝ የለም። ሱቄ ከምክር ቤቱ የሰዓት ማማ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ስንት ዓመት እዚሁ ስሠራ በእኔ ስም አህጉር ፊት ቆመው የሚናገሩ አምስት ሰዎች መኖራቸውን አላውቅም ነበር። ነገሩ ከንክኖኛል። ማን መረጣቸው? ሥልጣናቸውስ እስከምን ነው? ጉዳይ ያለኝ እንደሆነ ለማን ልንገር?

ጡረተኛው ሾፌር፦

ወንድሜ፣ ይሄ ፓርላማ እኮ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የተወለደው። መጋቢት 9 ቀን 1996 ዓ.ም. ሲከፈት እንግዶቹን ከሚያመላልሱት ሾፌሮች አንዱ ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ታንዛኒያዊቷ ገርትሩድ ሞንጌላ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ቤጂንግ ላይ የተካሄደውን የሴቶች ጉባኤ በዋና ጸሐፊነት የመሩት። መስከረም 1997 ላይ የፓርላማው ስብሰባ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሚድራንድ ሄደ፤ መቀመጫው እዚያው ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። እዚህ ቢሆን ያቺ ልጅ በታክሲ ሄዳ ታየው ነበር።

የሕግ መምህርት፦

የጥያቄዎ መልስ ፓርላማውን ያቋቋመው ስምምነት፣ ፕሮቶኮሉ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ አባል አገር አምስት ሰው ይልካል፤ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። የሚመርጣቸው የየአገሩ ምክር ቤት ነው፤ ያውም ከገዛ አባላቱ መካከል። ስለዚህ እርስዎ የመረጡት ምክር ቤት ነው እነሱን የሚመርጠው። የአገራቸው ምክር ቤት ዘመን ሲያበቃ የእነሱም ያበቃል፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ያለውን የፖለቲካ አመለካከት ልዩነት እንዲያንጸባርቁም ይጠበቃል።

አንድ አንቀጽ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ደግሜ አነባለሁ፦ ድምፅ የሚሰጡት በግላቸውና በነጻነት ነው። የመንግሥት መልእክተኛ አይደሉም ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ግን አያውቀውም።

ሥልጣኑ ማማከር ብቻ ነው፤ ሕግ አያወጣም። ሰኔ 2006 ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ማላቦ ላይ የኅብረቱ መሪዎች ያጸደቁት አዲስ ፕሮቶኮል የሴቶቹን ቁጥር ቢያንስ ሁለት ያደርጋል፤ ተወካዮቹም የአገራቸው ምክር ቤት አባል ሆነው መቀጠል አይችሉም። ሥራ ላይ እንዲውል ግን ከግማሽ በላይ አገሮች፣ ማለትም 28ቱ ሊያጸድቁት ይገባል።

የካዛንቺሱ፦

ሕግ ካላወጡ ስማቸውን ባውቅ ምን ይጠቅመኛል? እህቴ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው፤ የጀርመን ዜግነት አላት። እ.ኤ.አ. በ2024 ለአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ በፖስታ የመጣላትን ወረቀት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ፎቶ ላከችልኝ። ፓርቲዎቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ጫፉ ከጠረጴዛው ወርዶ ይንጠለጠላል። 16 ዓመት የሞላው ልጇም መርጧል። ከ720 መቀመጫ ጀርመን 96፣ ማልታ 6 አላቸው። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነን አምስት፣ ትንሿ ሲሼልስም አምስት! ይሄ ውክልና ነው?

ፎቶኮፒ ቤት (አራት ኪሎ)፦

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ሾፌሩም ያሉት ልቤን ነካው።

የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ የቁጥሩ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ሳነብ፣ አውሮፓውያኑም በቀጥታ መምረጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከዚያ በፊት ልክ እንደኛ የየአገሩ ምክር ቤት ነበር ከአባላቱ መርጦ የሚልከው። እነሱ ከዚያ ተነስተው ነው የእህትህ ጠረጴዛ ላይ የደረሱት። ዝም ብንል ማን ያደርስልናል?

እኔ የምነግራቸው ነገር አለኝ። የወንድሜ ልጅ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ድንበር ላይ ለአንዲት ማኅተም አራት ቀን መኪናው ውስጥ ያድራል። እየደወለ «ዛሬም አልተፈታም» ሲለኝ እናቱ አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ከአምስቱ አንዳቸው ይህንን ተነስተው ቢናገሩ፣ ማማከር ብቻ ነው ብዬ አልንቀውም።

ሰኞ የምርጫ ክልላችን ተወካይ ጋ ሄጄ አምስቱ እነማን እንደሆኑና ሲመለሱ ለማን ሪፖርት እንደሚያቀርቡ እጠይቃለሁ። ልጅቷ ማክሰኞ ነው የምታስረክበው። ሁለቱን ገጽ አትሜላታለሁ፤ ሦስተኛውን አላተምኩትም። ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ ክፍት ነው።