ንስሐ አባቴን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ሦስተኛዋ ልጄ ገና 7 ወሯ ነው፤ ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የሚሠራው፣ አራተኛ አሁን አንችልም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የ3 ዓመቱን የወሊድ መከላከያ አስቀበርኩ። ይኸው ጠባሳውን በነጠላ እየሸፈንኩ ነው የማስቀድሰው። እናቴ «ከማስወረድ በምን ይለያል?» ብላ አስለቀሰችኝ። ነርሷ ግን እንቁላል እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ የተፀነሰ አያስወርድም አለችኝ። ካቶሊኳ ጎረቤቴ ደግሞ ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ በ1968 እ.ኤ.አ. ቀን ቆጥሮ መታቀብን እንጂ መድኃኒቱን እንዳልፈቀዱ ነገረችኝ፤ ጴንጤዋ ጓደኛዬ «ባልሽ ከተስማማ ምን ችግር አለው» ትላለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ዞረብኝ። በጾም እንታቀባለን፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ግን ከፋሲካ በኋላስ? ንስሐ አባቴ በር ላይ ደርሼ ሁለቴ ተመለስኩ። ከእናንተ መሃል ለአባቱ የነገረ አለ? ምን አሏችሁ? አስወጪው ካሉኝስ?