ጫካ ውስጥ ስገባ ጂፒኤሱ ይሳሳትብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ከሚዛን ተፈሪ በቦንጋ አድርጌ ወደ ጅማ ቡና እጭናለሁ። መኪናው ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ፣ ማለትም መኪናው ያለበትን ቦታ ለባለንብረቱ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ከእሱ ጋር ሊያጣላኝ ነው።

ጅማ ከተማ ውስጥ ምንም ችግር የለበትም። ከፋ ጫካ ውስጥ፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተገናኝተው መንገዱን የሸፈኑበት ቦታ ስደርስ ግን ይዘባርቃል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ እንዳባራ ጎማ ልቀይር ቆምኩ። ክሪኩን እንደያዝኩ ባለንብረቱ ደወለ። «ለምን ከመንገድ ወጣህ? ጭነቱን የት እየወሰድክ ነው?» መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም! እስከ ዛሬ አንድ ኪሎ ቡና ጎድሎብኝ አያውቅም። በጣም ነው ያዘንኩት።

እንደተረዳሁት ሲግናሉ የሚመጣው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ ሳተላይት ስለሆነ ደካማ ነው። ቅጠልና እርጥበት ያዳክሙታል። ግንድ ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ሲደርስ ደግሞ ቦታው ይሳሳታል። ቢያንስ 4 ሳተላይት ካላገኘ አስተማማኝ አይሆንም።

አንቴናው ዳሽቦርድ ስር፣ ከብረት ጀርባ ተወትፎ ነበር። ወደ ፊት መስታወቱ ሳስጠጋው ትንሽ ተሻለው፤ ግን አልዳነም። ጋቢናው ጣሪያ ላይ ባስቀምጠው ለውጥ አለው? ከጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስና የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ሳተላይቶችም የሚቀበል፣ በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መሣሪያ የሞከረ አለ? ሲግናል ሲጠፋ ከጎማው ፍጥነት ቦታውን የሚያሰላስ?

ሐሙስ እጭናለሁ። የምታውቁ ከዚያ በፊት ብትነግሩኝ ለባለንብረቱ አሳየዋለሁ።