ክብደት ቀንሼ ሶምሶማ ልጀምር ነው፤ ቅልጥሜን እያመመኝ ነው፣ ከየት ልነሳ?

ጀማሪው 82
ሰላም ለሁላችሁ። 41 ዓመቴ ነው። በ14 ወር ከ101 ኪሎ ወደ 82 ወርጃለሁ፤ በእግር ጉዞና ምግብ በመቀነስ ብቻ፣ ጂም አልገባሁም። 50 ደቂቃ ፈጠን ብዬ ስራመድ ምንም አይመስለኝም። ሶምሶማ ስሞክር ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ በማግስቱ ደግሞ ቅልጥሜን ያመኛል። የምኖረው ገርጂ ነው፣ ሰፈሩ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው። የደም ግፊት ኪኒን በቀን አንድ እወስዳለሁ። ታላቁ ሩጫ አምስት ወር ቀርቶታል፣ እደርስ ይሆን?

ባለሰዓቱ
ትንፋሽህ የሚቆረጠው ፈጥነህ ስለምትነሳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ አየሩ ስስ ነው፤ ቆላ ላይ ቀላል የሆነው ፍጥነት እዚህ ያስለከልካል። ልኩን በሰዓት አትፈልገው። ስልክ ቢደወልልህ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መመለስ ከቻልክ ልክ ነው። አንድ አንድ ቃል እየቆራረጥክ የምትመልስ ከሆነ ፈጥነሃል። ሶምሶማህ ከፈጣን እርምጃህ እምብዛም ባይበልጥም አትፈር።

አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ፣ በተከታታይ ቀን አይሁን። 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይህን 8 ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ እርምጃ። ሁለት ሳምንት በዚሁ ቆይ። ቀጥሎ 2 በ2 (2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ) ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ 3 በ2 አምስት ጊዜ፣ ከዚያ 5 በ2 አራት ጊዜ፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሳምንት። ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ትንፋሹ ሲቀለው ደረጃ ይዘላል፣ እግሩ ግን ገና አልደረሰም።

ፊዚዮ ነኝ
የላይኛው ፕሮግራም ጥሩ ነው። እኔ ወደ ቅልጥሙ ልምጣ።

ስትራመድ ሁልጊዜ አንድ እግር መሬት ይነካል። ስትሮጥ ሁለቱም አየር ላይ የሚሆኑበት ቅጽበት አለ፤ ከዚያ በአንድ እግር ስታርፍ ያ እግር ከክብደትህ ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሸከማል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለምዳሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ክብደት ሳያነሳ በእግር ጉዞና በምግብ ብቻ የቀነሰ ሰው ደግሞ ከስቡ ጋር ጡንቻም ያጣል፤ ባትህ ደካማ ሳይሆን አይቀርም።

ሕመሙን በጣትህ ለየው። በቅልጥምህ ውስጠኛ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልክ ጫን። የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ተዘርግቶ የሚያም ከሆነ የተለመደው የጀማሪ ሕመም ነው፤ ሩጫውን ለአንድ ሳምንት በእርምጃ ተካ፣ ከዚያ ከ1 ደቂቃው ጀምር። አንዲት ጣት የምትሸፍናት ነጥብ ብቻ ላይ ከጠዘጠዘህ፣ በአንድ እግር ስትዘል ከወጋህ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰህ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና አትሩጥ፣ ሐኪም ጋ ታይ።

ለባትህ፦ ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶችህ ቁም፣ ግድግዳ ያዝ፣ ተረከዝህን ከፍ አድርገህ በሦስት ቆጠራ አውርድ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ለጭንህ ደግሞ እጅህን ሳትደገፍ ከወንበር 10 ጊዜ ተነስተህ ተቀመጥ። ሩጫ ስትጀምር ምግብ መቀነሱን ለጊዜው አቁም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ከማዕድህ አይጥፋ። እየራበው የሚሮጥ እግር አይጠገንም።

ኪኒኑን በተመለከተ፦ 19 ኪሎ የቀነሰ ሰው የድሮው መጠን ሊበዛበት ይችላል። ስትነሳ የሚያዞርህ ከሆነ ግፊትህን ተለክተህ ለሐኪምህ ንገር፣ ራስህ ግን አታቋርጥ። ኪኒንህ አቴኖሎል የሚባለው ከሆነ የልብ ምትህን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ በሰዓት የምታየው ቁጥር ያታልልሃል። ስትሮጥ ደረትህን ከተጫነህ ወይም ዓይንህ ከጨለመብህ ሩጫውን አቁም፣ ይለፍልኛል ብለህ አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ሶል ገላጭ
ጫማውን ማንም አላነሳውም። ቦንዳ ልትገዛ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ በዓይንህ ልክ ከኋላ እየው። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተወው፣ ያ የሌላ ሰው የእግር አረጋገጥ ነው። መካከለኛውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጫን፤ የተሸበሸበና የማይመለስ ከሆነ ሞቷል፣ ላዩ አዲስ ቢመስልም። ከሰዓት በኋላ ግዛ፣ እግር ያን ጊዜ ያብጣል፤ ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ። ክብደት ስትቀንስ እግርህም ሊጠብ ስለሚችል የድሮ ቁጥርህን አትመን።

የላላው ቆዳ ጭንና ብብት ላይ ይፋተጋል፤ ከመውጣትህ በፊት ቫዝሊን ቀባ፣ የጥጥ ቁምጣ ደግሞ አትልበስ፣ ላቡን ይዞ ይልጥሃል።

ጀማሪው 82
አመሰግናለሁ። ጫንኩት፣ የተዘረጋው ዓይነት ነው። ሣር ላይ ብቻ ብሮጥስ?

ፊዚዮ ነኝ
ሣር ለስላሳ ነው፣ ግን ጉድጓድ ይደብቃል፣ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚያ ነው። የተረገጠ አፈር ይሻላል። ኮብልስቶኑን በእርምጃ እለፈው። አስፋልት ላይ ከሆነ ዳሩ ስለሚያዘነብል ስትሄድ አንዱን ጎን፣ ስትመለስ ሌላውን ያዝ። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚዘሉትን አትከተል። እንጦጦም ገና ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ባለሰዓቱ
ለታላቁ ሩጫ ተመዝገብ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ግን እየሮጥክ እየተራመድክ ጨርስ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው። ብቻ መነሻው ላይ ሕዝቡ ይገፋሃል፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከኋላ ሆነህ ተራመድ።

እና ገርጂ ንጋት ላይ ከሆነ ውሻ አለ። ሲመጣ አትሩጥ፣ ፍጥነትህን ወደ እርምጃ አውርድ፣ ጀርባህን ሳትሰጥ ቀስ እያልክ እለፍ።